ቶርኩ እኩል ሆኖ ሳለ ኤም 550 አይ ለምን ኤም 5 አይሆንም?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «2020 ላይ የተሠራ ቢኤምደብሊው ኤም 550 አይ አለኝ። 4.4 ሊትር ቪ 8 ሞተር፣ ሁለት ቱርቦ፣ 530 የፈረስ ጉልበትና 750 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የመጠምዘዝ ኃይል) አለው። ኤፍ 90 የሚባለው ኤም 5 ደግሞ በተመሳሳይ አካል፣ በተመሳሳይ 4.4 ሊትር ሞተርና ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮ 600 ፈረስ ይሰጣል፤ ቶርኩ ያው 750 ነው። በሶፍትዌር 70 ፈረስ ባስጨምር ኤም 5 ሆነልኝ ማለት አይደለም? ካልሆነ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ልሥራው ብል ከየት ልጀምር?»

ፈረሱን ያገኛሉ፣ ኤም 5ን ግን አያገኙም። በዛሬ ቱርቦ ሞተር ላይ ጉልበት መጨመር ከሥራው ሁሉ ቀላሉና ርካሹ ነው። አምራቹ በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት በብዛት ያፈሰሰው ጉልበቱ የሚያመጣውን ሙቀት በማስወጣትና ጎማው አስፋልቱን እንዳይለቅ በመያዝ ላይ ነው። ሶፍትዌር ደግሞ ሁለቱንም አይነካቸውም።

መጀመሪያ ቶርኩ እኩል ሆኖ ፈረሱ ለምን እንደተለያየ እንይ። የፈረስ ጉልበት የቶርክና የዙር ብዜት ነው። 750 ኒውተን ሜትርን በደቂቃ በ4,600 ዙር አባዝተው ለ9,549 ቢያካፍሉ 361 ኪሎዋት ያገኛሉ፤ 490 ፈረስ ግድም ነው። ያንኑ 750 እስከ 5,600 ዙር ማቆየት የቻለ ሞተር ግን 440 ኪሎዋት ወይም 598 ፈረስ ያወጣል። የእርስዎ ሞተር ሙሉ ቶርኩን የሚይዘው ከ1,800 እስከ 4,600 ዙር ነው፤ ከዚያ በኋላ ቶርኩ እየወረደ ዙሩ ግን እየጨመረ ስለሚሄድ 530 ላይ ይደርሳል። የኤም 5 ሞተር 750ውን ይዞ እስከ 5,600 ይዘልቃል። ስለዚህ 70 ፈረሱ የመጣው ሞተሩ ከላይኛው ዙር ላይ ሳይታፈን መተንፈስ ስለቻለ ነው።

ለመተንፈሱ ዋናው ምክንያት የጭስ ማኒፎልዱ፣ ማለትም ጭሱን ከሲሊንደሮቹ ሰብስቦ ወደ ቱርቦው የሚወስደው ቱቦ ነው። እንዲህ ባለ ቪ 8 ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) 90 ዲግሪ በ90 ዲግሪ የተከፋፈለ ስለሆነ በአንድ ወገን ካሉት አራት ሲሊንደሮች ሁለቱ ተከታትለው የሚተኩሱበት ጊዜ አለ። ሁለቱ የጭስ ግፊቶች አንድ ቱቦ ውስጥ ከተገናኙ የኋለኛው የፊተኛውን ይገፋዋል፤ ገና ቫልቩ ያልተዘጋው ሲሊንደር ውስጥ ያገለገለ ጭስ ተመልሶ ይገባል። በኤም 5 ሞተር የሁለቱ ወገን ቱቦዎች ተሻግረው ተሳስረዋል። እያንዳንዱ ቱርቦ ከግራም ከቀኝም ሲሊንደሮች ጭስ ይቀበላል፤ ግፊቱም በየ180 ዲግሪው በእኩል ልዩነት ይደርሰዋል። ማኒፎልዱም ቱርቦዎቹም በቪው መሐል ስለሚቀመጡ ቱቦው አጭር ነው። ጉዳቱ ደግሞ ያው ነው፦ በመኪናው ላይ ከሁሉ የሚግለው ነገር ከሞተሩ አናት ላይ ተቀምጧል። ዙሪያውን ያሉ የጎማ ቱቦዎች፣ የሽቦ መሸፈኛዎችና የቫልቭ ጎሚኒዎች ቀድመው የሚደርቁት በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ የተሠራ ሞተር ሲጠፋ የውሃ ፓምፑና ማራገቢያው ለደቂቃዎች ሲሠሩ ቢሰሙ ብልሽት አይደለም፤ ቱርቦዎቹን እያቀዘቀዙ ነው።

ሶፍትዌሩ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። ማኒፎልዱን መለወጥ ስለማይችል ቱርቦው አየሩን ይበልጥ እንዲጨምቅ ያዝዛል። የተጨመቀ አየር ይሞቃል። በ30 ዲግሪ የገባ አየር የውጪውን ግፊት 2.2 እጥፍ ሲሆን ከቱርቦው በግምት በ135 ዲግሪ ይወጣል፤ ግፊቱ 2.6 እጥፍ ሲደርስ 165 ዲግሪ ይጠጋል። ይህን አየር የሚያቀዘቅዘው የራሱ ፓምፕና የራሱ ትናንሽ ራዲያተሮች ያሉት የውሃ ዑደት ነው። ዑደቱ የተለካው ለ530 ፈረስ ነው። አንድ ጊዜ እስከ ወለል ረግጠው ቢለቁ ውሃው ራሱ ሙቀቱን ስለሚጠጣው ምንም አይታወቅዎትም፤ የጉልበት መለኪያ ወረቀቱም 600 ፈረስ ይላል። በሦስተኛውና በአራተኛው ርግጫ ግን ውሃው ሞቋል፣ የመግቢያው አየር ከ60 ዲግሪ በላይ ወጥቷል፣ ነዳጁ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ ኮምፒውተሩ የብልጭታውን ሰዓት ወደኋላ ይጎትታል። የተከፈለበት ጉልበት በተፈለገበት ሰዓት የለም ማለት ነው። ሶፍትዌሩ ለ98 ኦክቴን ተጽፎ 95 ከተቀዳበት ይኸው ነገር ከመጀመሪያው ርግጫ ይጀምራል።

የዘይቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። መኪና በ1 ጂ ኃይል ሲዞር፣ ማለትም የጎን ግፊቱ የራሱን ክብደት ያህል ሲሆን፣ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) ውስጥ ያለው ዘይት በ45 ዲግሪ ያዘነብላል። የዘይት ፓምፑ አፍ ለአንድ ሰከንድ እንኳ አየር ከሳበ በኮሎውና በብሮንዚናው (ኮሎው በሚሽከረከርበት መቀመጫ) መካከል ያለው በጥቂት ማይክሮን የሚለካ ፊልም ይበጠሳል፤ ብረት ብረትን ይነካል። ኤም 5 ላይ ይህን ታሳቢ ያደረገ የኮፓ ቅርጽና ተጨማሪ የመምጠጫ አሠራር አለ። ኢ 60 በሚባለው በቀድሞው ባለ ቪ 10 ኤም 5 ላይማ ከዳር የሚሰበሰበውን ዘይት መልሰው ወደ መሐል የሚያመጡ የኤሌክትሪክ ፓምፖች ሁሉ ነበሩበት። ያ ሞተር 507 ፈረሱን የሚያወጣው እስከ 8,250 ዙር እየወጣ ስለነበር የቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚናው ዛሬም የታወቀ ደካማ ጎኑ ነው፤ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ዙር ማብዛት ዕድሜውን ይበላዋል። ከዚህ የሚወሰደው ነገር ለእርስዎም ይሠራል፦ የሚታየው የውሃው ሙቀት መደበኛ ሆነ ማለት ዘይቱ ሞቋል ማለት አይደለም። ዘይቱ ከውሃው ዘግይቶ ነው የሚሞቀው፤ 80 ዲግሪ ሳይደርስ አይርገጡት።

አሁን ወደ ፍሬን። በእኔ እምነት ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነው፤ ጠያቂዎች ግን ሁልጊዜ የሚያነሱት በመጨረሻ ነው።

ሒሳቡን በቀላል ቁጥር እንሥራው። 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የተሸከመው ጉልበት 0.77 ሜጋጁል ነው። በ250 ኪሎ ሜትር 4.8 ሜጋጁል ይሆናል፤ ፍጥነቱ 2.5 እጥፍ ሲያድግ ጉልበቱ ከ6 እጥፍ በላይ ያድጋል። ከዚህ 70 በመቶውን የፊት ፍሬኖች ይሸከማሉ እንበል፤ ለእያንዳንዱ የፊት ዲስክ 1.7 ሜጋጁል ይደርሰዋል። 12 ኪሎ የሚመዝን የብረት ዲስክ ይህን ሲውጥ በአንድ ማቆሚያ ብቻ ሙቀቱ በ290 ዲግሪ ገደማ ይዘላል። ሳይቀዘቅዝ አንድ ጊዜ ደግመው ቢያቆሙት 600 ይጠጋል። የመደበኛ መኪና ሸራ በዚህ ሙቀት መያዝ ትቶ መንሸራተት ይጀምራል። ሙቀቱ በሸራው ጀርባና በፒስተኑ በኩል ወደ ፍሬን ዘይቱም ይደርሳል። የዶት 4 ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ነው፤ ከአየር እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም።

ኤም 5 ከፊት 395 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ዲስክና ባለ 6 ፒስተን ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ክፍል)፣ ከኋላ ደግሞ 380 ሚሊ ሜትር ዲስክ የተገጠመለት ለዚህ ነው። ስፋቱ ለውበት አይደለም፤ የብረቱ ክብደት ሙቀት የሚጠራቀምበት ጎተራ ነው። በአማራጭ የሚመጣው የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ መኪናውን በ23 ኪሎ ያቀለዋል፣ ከፍተኛ ሙቀትም ይችላል። ግን ቸርኬ ሲወልቅና ሲገጠም ጠርዙን በትንሹ ከመቱት ሊሸረፍ ይችላል፤ መተኪያውም እጅግ ውድ ነው። መኪናውን ከመንገድ ሌላ የትም ለማይወስድ ሰው ብረቱ ይበቃዋል።

ጎማው መሬት እንዳይለቅ ወደሚያደርገው ክፍል እንሂድ። 2,000 ኪሎ የሆነ መኪና፣ የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 55 ሴንቲ ሜትር፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 1.62 ሜትር ሆኖ በ1 ጂ ቢታጠፍ፣ 2,000ን በ0.55 አባዝተን ለ1.62 ስናካፍል 679 ኪሎ እናገኛለን። ይህ ሁሉ ጭነት ከውስጠኛዎቹ ሁለት ጎማዎች ተነሥቶ ወደ ውጪኞቹ ይሻገራል። ውስጠኞቹ ከ1,000 ወደ 320 ኪሎ ይወርዳሉ፤ ለውስጠኛው የኋላ ጎማ በግምት 160 ኪሎ ብቻ ይቀራል።

ክፍት፣ ማለትም መቆለፊያ የሌለው ዲፈረንሻል ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጎማ ለሚሄዱት ሁለት ሰሚ አሴዎች (ዘንጎች) እኩል ቶርክ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ 840 ኪሎ የተጫነው የውጪው ጎማ የሚደርሰው 160 ኪሎ የተጫነው የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። ከታጠፊያ ሲወጡ ሲረግጡት ውስጠኛው ጎማ ይሽከረከራል፤ ኮምፒውተሩ በፍሬን ይይዘዋል፤ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ተለውጦ ያው ፍሬኑ ላይ ያርፋል። 70 ፈረስ ጨምረው ያንኑ 70 በኋላ ዲስክ ላይ ማቃጠል ማለት ነው። ኤም 5 የኋላ ዲፈረንሻሉ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚጨመቁ የፍሪሲዮን ሳህኖች አሉት፤ ከ0 እስከ 100 በመቶ ይቆልፋል። ጭነቱ ያለበት ጎማ ይገፋል፣ የሌለበት ዝም ይላል። ለዚህ መኪና አዲስ እያለ በ2,000 ኪሎ ሜትር የሞተርና የዲፈረንሻል ዘይት ይቀየር የሚባለውም የመጀመሪያዎቹ የጥርስና የሳህን ብናኞች እዚያ ውስጥ እንዳይቆዩ ነው። ያገለገለ ኤም 5 ለመግዛት የሚያስብ ሰው ይህ አገልግሎት በመዝገቡ ላይ መኖሩን ቢጠይቅ አይሳሳትም።

ሞላና አሞርዛተር ላይ ያለው ነገር ረቀቅ ይላል፤ «የቅንጦት» እና «ስፖርት» የሚሉት ሁለት ቃላት የሚጣሉት እዚህ ነው። ምቹ ሴዳን በሞላው ላይ በሰከንድ ከ1 እስከ 1.2 ጊዜ ቢወዛወዝ ሰውነት ይቀበለዋል። ስፖርታዊው ወደ 1.6 ይጠጋል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን የሞላው ጥንካሬ የሚያድገው በወዝወዛው ብዛት ካሬ ነው። በአንድ ማዕዘን 450 ኪሎ ለተሸከመ ጎማ 1.2 ማለት ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 26 ኒውተን ግድም ነው፤ 1.6 ደግሞ 45። በ78 በመቶ የጠነከረ ሞላ ማለት ነው። በጣም የሚያጥር ሞላ ገዝተው የገጠሙ ሰዎች መኪናቸው ሲነጥር የሚደነግጡት በዚህ ነው፦ ሞላው ጠንክሮ አሞርዛተሩ የድሮው ከሆነ ወዝወዛውን የሚገድለው የለም፤ ጎማው በተጎዳ መንገድ ላይ ከመሬት ይነሣል። ያን ጊዜ መኪናው ጠንካራ ሆኖ ይሰማል፣ አያያዙ ግን ከቀድሞው ይብሳል።

ፋብሪካው ሁለቱን የሚያስታርቀው አሞርዛተሩን በኤሌክትሪክ ቫልቭ በማስተካከል ነው። ሞላው መካከለኛ ይሆናል፣ ማጠንከሩና ማላላቱ እንደ መንገዱና እንደ ፍጥነቱ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። ሌሎች በሌላ መንገድ ሄደዋል፤ የካዲላክ መግነጢሳዊ አሞርዛተር ብረት ብናኝ ያለበትን ዘይት በማግኔት ያወፍረዋል፣ ሁለተኛው ትውልድ ፖርሼ ፓናሜራ ደግሞ ባለ ሦስት ክፍል የአየር ሞላ ይጠቀማል። በጎን ማዘንበሉን ለመቀነስ ሞላ ከማጠንከር ይልቅ የግራና የቀኝ ጎማውን የሚያያይዘውን ብረት፣ ስታብላይዘሩን፣ ማወፈር ይሻላል፤ ጥንካሬው በውፍረቱ አራተኛ ኃይል ስለሚያድግ ከ24 ወደ 26 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ብቻ 38 በመቶ ይጨምራል። ሲያበዙት ግን በግራ ያለው ጉድጓድ ቀኙንም ያንቀጠቅጠዋል።

ከዚያ በአክስሉና በአካሉ መገጣጠሚያዎች ላይ ያሉት ጎሚኒዎች (የጎማ ትራሶች) አሉ። የመንገድ ድምፅ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክሉት እነሱ ናቸው፤ ጎማው በኃይል ሲገፋ አቅጣጫውን በትንሹ የሚያስቱትም እነሱ ናቸው። በኤም 5 ላይ የኋላው አክስል በብረትና በአሉሚኒየም ድጋፎች ከአካሉ ጋር ይበልጥ ተጣብቋል። ዋጋው በድምፅ ይከፈላል። ድምፁን ለመመለስ ባለ ድርብ ሽፋን መስታወትና ተጨማሪ ማፈኛ ይገባል፣ እነሱ ደግሞ ኪሎ ይጨምራሉ፣ ኪሎው ወደ ፍሬኑ ሒሳብ ይመለሳል። አስቂኙ ነገር፣ ከኤፍ 90 በፊት የነበረው ኤም 5 ውስጡ ጸጥ ብሎ ስለነበር የሞተሩ ድምፅ በስፒከር ይሰማበት ነበር።

ስለ ውጪው ቅርጽ ብዙ አልልም። ፓራውልቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ሲገዙ የሚያዩት ነው፤ አየሩ ግን መውጫ ካላገኘ መግቢያውን ማስፋት ምንም አይፈይድም። ከገበያ የሚገዛ የኤም 5 ፓራውልት በኤም 550 አይ ላይ ቢገጠም ከጀርባው ራዲያተሩና የአየር መምሪያ ፕላስቲኩ ከሌለ ጌጥ ነው። ጣሪያው ከካርቦን ፋይበር መሠራቱ ግን ጌጥ አይደለም፤ ከላይ የቀነሰ ኪሎ የክብደቱን ማዕከል ዝቅ ያደርጋል። ስለ ከፍተኛ ፍጥነትም አንድ ነገር፦ አየሩን ለመቅደድ በ250 ኪሎ ሜትር ወደ 160 ኪሎዋት ይፈልጋል፣ በ300 ደግሞ ወደ 275። ፋብሪካው ያስቀመጠውን የፍጥነት ገደብ በሶፍትዌር ማስነሣት ቀላል ነው፤ ጎማዎ በጎኑ ላይ የተጻፈው የፍጥነት ፊደል ይፈቅድ እንደሆነ ግን ሶፍትዌር የጻፈልዎ ሰው አይነግርዎትም።

እንግዲህ መሥራት ከፈለጉ ቅደም ተከተሉ ከሚያስቡት ተቃራኒ ነው። ጎማ ይቀድማል፤ አራቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዓይነት። ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና ላይ ሁለቱን ብቻ መቀየር ውድ ስሕተት ነው። የጥርሱ ጥልቀት በ2 ሚሊ ሜትር ቢለያይ በ700 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ የስፋት ልዩነቱ ከ0.5 በመቶ ይበልጣል፤ የፊትና የኋላ ዙር በፋብሪካ ከታሰበው ስለሚወጣ ጉልበት የሚያከፋፍለው ፍሪሲዮን ቀጥ ባለ መንገድ እንኳ ሲንሸራተት ይውላል። ምልክቱ ማቆሚያ ቦታ ላይ መሪ ጠምዝዘው በዝግታ ሲሄዱ የሚሰማ መንገጫገጭ ነው። ጎማው ከገባ በኋላ አላይመንት ያሠሩ።

ቀጥሎ ፍሬን። ከፍ ያለ ሙቀት የሚችል ሸራ፣ በየዓመቱ የሚቀየር የፍሬን ዘይት። ለእሽቅድምድም ብቻ የተሠራ ሸራ ግን አያስገቡ፤ ሲቀዘቅዝ አይዝም፣ ይጮኻል፣ ዲስኩን ይፍቃል። ከዚያ የማቀዝቀዣው ዑደት ይፈተሽ፦ የትናንሾቹ ራዲያተሮች ፊት በነፍሳትና በአቧራ ተደፍኖ እንደሆነ ይጸዳ፣ ፓምፑ እንደሚሠራ በኮምፒውተር ይታይ፣ ውስጡ የቀረ አየር ይውጣ። ካምቢዮው «ዘይቱ ዕድሜ ልክ ነው» ቢባልም የካምቢዮው አምራች ዜድኤፍ ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይመክራል። መጠኑ የሚለካው ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ከ30 እስከ 50 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሆኖ ነው። በጋለ ዘይት የተለካ ካምቢዮ ሲቀዘቅዝ ጎደሎ ሆኖ ይገኛል።

ሶፍትዌሩ መጨረሻ ይግባ፤ ሲያዝዙም ፈረስ ሳይሆን ቶርክ ላይ ገደብ እንዲደረግ ይጠይቁ። 750ውን ከ4,600 ዙር በላይ በመጠኑ ማስረዘም ለካምቢዮውም ለቢየላውም ይቀላል፤ በ2,500 ዙር 900 ኒውተን ሜትር መልቀቅ ግን የካምቢዮውን ሳህኖች ያንሸራትታል፣ ቢየላውንም በዝቅተኛ ዙር ላይ በከባድ ግፊት ይመታዋል። ማርሽ ሲቀያየር ዙሩ ለቅጽበት ወደ ላይ ካመለጠ ሳህኖቹ መንሸራተት ጀምረዋል። ካንዴላዎቹን በአዲስ ይተኩ፤ የመቀየሪያ ጊዜያቸውንም በግማሽ ያሳጥሩ። የፋብሪካ ዋስትናው ገና ካላለቀ ሥራው በኮምፒውተሩ ውስጥ አሻራ እንደሚተውና የሞተርና የካምቢዮ ዋስትናን ሊያሳጣዎት እንደሚችል አስቀድመው ይወቁ።

ሥራው ሲያልቅ የመለኪያ ወረቀቱን ሳይሆን መዝገቡን ይጠይቁ፦ በተከታታይ አራት ጊዜ በሦስተኛ ማርሽ እስከ ከፍተኛው ዙር ይረገጥ፣ በየርግጫው የመግቢያው አየር ሙቀት፣ የዘይቱ ሙቀትና ከየሲሊንደሩ የተጎተተው የብልጭታ ሰዓት ይመዝገብ። በአራተኛው ላይ ከ3 ወይም ከ4 ዲግሪ በላይ ብልጭታ ከተጎተተ ግፊቱን እንዲቀንሱልዎ መኪናውን ይመልሱላቸው።